ጋላክቲካን ከሰሜን ሸዋ ሆነን ስናየው

(ደብረ ብርሃን ላይ ለፊልም ወዳጆች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ጥሩ አድርጋችኋል፤ ወሬው ረዘም ይላል።

ዛሬ የምናወራው ስለ ባትልስታር ጋላክቲካ ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በፍላሽ ተቀባብላችሁ፣ «አንድ ክፍል ብቻ» እያላችሁ ሌሊቱ የነጋባችሁም እዚህ አላችሁ። ስለዚህ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ አልተርክም። ላልጨረሳችሁ ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ መጨረሻውን እናወራዋለን።

ይህ ተከታታይ ፊልም እንደገና ሲሠራ በወዳጆቹ መሀል የተነሣው ክርክር እስካሁን አልበረደም። አንዱ ክርክር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል ብዬ አምናለሁ። እሱ ላይ ስደርስ ረጋ ብዬ እሄዳለሁ። ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በኛ ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ከድሮው እንጀምር። የመጀመሪያው ጋላክቲካ የታየው በሴፕቴምበር 17 ቀን 1978 ነው። በኛ መስከረም 7 ቀን 1971 መሆኑ ነው። የፈጠረው ግሌን ላርሰን ነው፤ ያሳየው ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ12 ዓለማት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሳይሎን ከሚባሉ ሮቦቶች ጋር ረጅም ጦርነት ላይ ናቸው። ሳይሎኖቹ እርቅ አሉ። ሰዎቹ አመኑ። በእርቁ ዋዜማ ተጨፈጨፉ። የተረፈችው አንዲት ትልቅ የጦር መርከብ፣ ጋላክቲካ፣ የቀሩትን መርከቦች ከኋላዋ አስከትላ ምድር የምትባለውን የጠፋች አገር ፍለጋ ጠፈር ውስጥ ትሸሻለች። የሚገርመው ያን ምሽት ፊልሙ መሀል ላይ ተቋረጠ። ካርተር፣ ሳዳትና ቤጊን ግብፅንና እስራኤልን ያስታረቀውን የካምፕ ዴቪድ ስምምነት ሲያበስሩ ለማሳየት ነው። በፊልሙ እርቁ ተንኮል ነበር። በዜናው ደግሞ እውነተኛ እርቅ ተፈረመ።

ያ ፊልም ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት። ግን ከ24 ክፍል በኋላ ተቋረጠ። በ1980 ተቀጥላ ወጣለት፤ እሱም 10 ክፍል ሄዶ ቆመ። ያንን ተቀጥላ የድሮዎቹ ወዳጆች ራሳቸው ማንሣት አይወዱም። እኔም አላነሣውም።

ከዚያ 20 ዓመት በላይ ዝም ተባለ። ዝም ያላለ አንድ ሰው ነበር። ሪቻርድ ሃች ይባላል። በድሮው ፊልም ካፒቴን አፖሎን ሆኖ የተጫወተው ነው። ታሪኩ ካቆመበት እንዲቀጥል ዓመታት ሙሉ ሲለምን ኖረ። በ1999 የራሱን ገንዘብ አውጥቶ አጭር ማሳያ ሠራ። የድሮ ተዋናዮችን ሰበሰበ፤ አድናቂዎች ባዩት ጊዜ አጨበጨቡለት። አለቆቹ ግን እሱን ትተው ሌላ መንገድ መረጡ። ታሪኩ እንዲቀጥል ሳይሆን ከዜሮ እንዲጀመር ወሰኑ። ሃች በጣም አዘነ። ማዘኑንም አልደበቀም።

ሥራው የተሰጠው ለሮናልድ ሙርና ለዴቪድ አይክ ነው። ሙር ከዚያ በፊት ስታር ትሬክ የሚባለው ሌላ የጠፈር ተከታታይ ላይ ለዓመታት የጻፈ ሰው ነው። በዲሴምበር 2003 በ2 ምሽት የተከፈለ መነሻ ፊልም ታየ። ተከታታዩ በ2004 መጨረሻ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ፣ በጃንዋሪ 2005 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ። በማርች 20 ቀን 2009 አለቀ።

ሙር ብዙ ነገር ቀየረ። በድሮው ሳይሎኖች ከሌላ ፍጡር የመጡ ሮቦቶች ነበሩ። በአዲሱ ራሱ ሰው የሠራቸው አገልጋዮች ናቸው፤ አምፀው ሄዱ፣ ከ40 ዓመት በኋላ የሰው መልክ ይዘው ተመለሱ። ጎረቤትህ፣ አለቃህ፣ የምትወዳት ልጅ ሳይሎን ልትሆን ትችላለች። አንዳንዶቹ ራሳቸውም ሳይሎን መሆናቸውን አያውቁም። መርከቧ ደግሞ አርጅታለች። ጡረታ ወጥታ ሙዚየም ልትሆን ቀን ተቆርጦላታል። የዳነችውም በእርጅናዋ ነው፤ አዛዡ አዳማ ኮምፒውተሮቿ እርስ በርስ እንዲገናኙ ፈጽሞ አልፈቀደም። የአዲሶቹ መርከቦች ኮምፒውተር በጠላት ተጠልፎ ሲዘጋ ጋላክቲካ መተኮስ ቻለች። (አዳማ የሰውየው ስም ነው፤ ከኛዋ ከተማ ጋር የተገጣጠመው እንዲያው ነው።)

የመጀመሪያው ትልቅ ጠብ የተነሣው ስታርባክ በሚባለው ተዋጊ አብራሪ ነው። በድሮው ስታርባክ ወንድ ነው። ሲጋራ ያጨሳል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ሴት ያሳድዳል፤ ዲርክ ቤኔዲክት ነው የተጫወተው። በአዲሱ ስታርባክ ሴት ሆነች። ኬቲ ሳኮፍ ተጫወተቻት። ሲጋራውም፣ ካርታውም፣ ጠቡም አብሯት መጣ። ቤኔዲክት ራሱ በ2004 ተቃውሞ ጽፎ አወጣ። ብዙ የድሮ አድናቂዎችም ከጎኑ ቆሙ። ሳኮፍ ፊቷን ሳያዩ የሚሰድቧት ሰዎች ነበሩ።

እኔ በዚህ ክርክር ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ክርክሩ መነሣትም የለበትም። ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1936 መጨረሻ ፍቼ ላይ በጣሊያን ሲገደሉ ጦራቸውን ይዘው ጫካ የገቡት ማን ናቸው? ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ናቸው። የራስ ሥዩም ልጅ፣ የጨቅላ እናት። ይህንን የሰማ የሸዋ ሰው «ሴት እንዴት ተዋጊ ትሆናለች» ብሎ ቴሌቪዥን አያጠፋም። ስታርባክ ደግሞ ሴት በመሆኗ ብቻ አልተወደደችም። ሰካራም ናት፣ ተጣሊ ናት፣ ቃል ታፈርሳለች፤ በረራ ላይ ግን የሚያክላት የለም። ሰው ናት።

ሃች ግን ልቤን ነክቶታል። ሲቃወም ቆይቶ በመጨረሻ ሙር ሲጋብዘው እሺ አለ። ቶም ዛሬክ የሚባል የፖለቲካ እስረኛ ሆኖ ገባ። መጀመሪያ በሚታይበት ክፍል ፊት ለፊት የሚቀመጠው ከማን ጋር መሰላችሁ? ከአዲሱ አፖሎ ጋር። የድሮው አፖሎ አዲሱን አፖሎ አግቶ ስለ ነፃነትና ስለ ምርጫ ይከራከረዋል። ያንን ትዕይንት የድሮውን ፊልም የማያውቅ ሰውም ይወደዋል፤ የሚያውቅ ግን ሌላ ነገር ያይበታል። ሃች በ2017 አረፈ። እስከ መጨረሻው ሁለቱንም ፊልም አክብሮ ነው የኖረው።

የድሮዎቹ ወዳጆች በአንድ ነገር ልክ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። የድሮው ፊልም ውስጥ ቤተሰብ ነበር። ሎርን ግሪን የተጫወተው አዳማ አባት ነው፤ ሲናገር ሰው ይረጋጋል። በአዲሱ ሁሉም የቆሰለ ነው። ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ የተጫወተው አዳማ ከልጁ ጋር አይነጋገርም። ምክትሉ ቲግ ጠርሙስ አይለየውም። ተመልካቹ ደክሞት የሚመጣ ሰው ከሆነ ይከብደዋል። «ተስፋው የታለ?» የሚሉት ሰዎች ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው። የኔ መልስ ተስፋው አለ ነው፤ ግን ቁጥር ሆኖ ነው የመጣው።

ስለዚያ ቁጥር ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል ርእሱ ቁጥር ብቻ ነው፤ 33። ሳይሎኖች በየ33 ደቂቃው ይደርሱባቸዋል። ሰዎቹ ይሸሻሉ። ከ33 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይመጣሉ። ይህ ከ5 ቀን በላይ ቀጥሏል። ማንም አልተኛም። አብራሪዎቹ መድኃኒት እየዋጡ ይነሣሉ። ይህ ክፍል ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብወለድ ሽልማት ወስዷል፤ ይገባዋልም።

በዚያ መሀል ላውራ ሮዝሊን ነጭ ሰሌዳ አስሰቅላለች። ሮዝሊን የትምህርት ሚኒስትር ነበረች። በሥልጣን ተዋረድ 43ኛ። ከሷ በላይ የነበሩት 42ቱ ስላለቁ ፕሬዚዳንት ሆነች። ካንሰር እንዳለባትም የሰማችው በዚያው ቀን ነው። ሜሪ ማክዶኔል ናት የምትጫወታት። ሰሌዳው ላይ የተረፈው ሰው ቁጥር ተጽፏል። ሲጀምር 50,298 ነው። ከቢሊዮኖች የቀረው ይሄ ነው። እየተጠፋ እየተጻፈ ይቀንሳል። አንድ መርከብ ሰው እንደጫነ በራሳቸው አብራሪዎች ተመትቶ ይወድቃል፤ ጠላት ይከታተልበታል ተብሎ ተጠርጥሮ ነው። ቁጥሩ እንደገና ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ተወለደ ይባላል። ሮዝሊን ተነሥታ በገዛ እጇ 1 ትጨምራለች።

ፈረንጆቹ አድናቂዎች ይህን ትዕይንት ይወዱታል። እዚህ ከማውቃቸው ተመልካቾች ጋር ሳወራ ግን የሚሉት ከዚያ ያልፋል። ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ወገኖቻችንን ተቀብላ ኖራለች። በኛ አቆጣጠር 2014 ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ዘንድ ሲደርስ ብዙዎቻችን ራሳችን ዕቃ ሸክፈናል። ስም ዝርዝር ተይዞ ወረፋ ሲጠበቅ አይተናል። «ስንት ናችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ የቤተሰብ አባወራ መልሱን ለመስጠት ሲያመነታ አይተናል፤ አንዱ ልጅ መንገድ ላይ የቀረ እንደሆነ ይቁጠረው አይቁጠረው አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሰሌዳውን እንደ ጌጥ አያየውም። ፊልሙ ስለ ጠፈር ጦርነት ነው ይባላል። ለኔ ስለ ቆጠራ ነው። አንድ ሕዝብ አገሩን ሲያጣ ምን ይቀረዋል? ውሃው ስንት ቀን ይበቃል? ማን ያዛል? ማን ይዳኛል? ሙር እነዚህን ጥያቄዎች ከልቡ ጠየቃቸው። አዲሱ ፊልም ከድሮው የበለጠው እዚህ ላይ ነው። የመርከቡ ውበት፣ የተኩሱ ጥራት፣ ሁሉም ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ስለ ማን ያዛል ካነሣን፣ ሌላው የአድናቂዎች ተወዳጅ ንግግር የአዳማ ነው። መርከቦቹ ላይ ሥርዓት እንዲያስከብር ወታደር ላክ ሲባል አይሆንም ይላል። ነገሩ ይህ ነው፤ የወታደር ሥራ የአገርን ጠላት መውጋት ነው፣ የፖሊስ ሥራ ሕዝቡን ማገልገል። ወታደሩ ሁለቱንም ሲሠራ ሕዝቡ ራሱ ጠላት መምሰል ይጀምራል። ይህን የሚለው ወታደር መሆኑን ልብ በሉ። ፊልሙን የማከብረው ይህ አዛዥ ራሱ በኋላ ቃሉን ስለሚያፈርስም ነው። ፕሬዚዳንቷን ያስራል። ሮዝሊንም ብትሆን ንጹሕ አይደለችም፤ ምርጫ ለማጭበርበር ትሞክራለች። የምንወዳቸው ሰዎች ሲያጠፉ ፊልሙ አይሸፋፍንላቸውም።

በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ አንዲት ቀዝቃዛ ዓለም ላይ ይሰፍራሉ። ኒው ካፕሪካ ይሏታል። ጭቃ፣ ድንኳን፣ ብርድ። ከዓመት በኋላ ሳይሎኖች ይደርሱባቸውና ይገዟቸዋል። እዚህ ላይ አሜሪካውያን አድናቂዎች ተከፋፈሉ። ጊዜው 2006 ነው፤ የኢራቅ ጦርነት የጦፈበት። ፊልሙ ተመልካቹን በተገዢው በኩል አቆመው። ቲግ ቦምብ ታጥቆ የሚፈነዳ ሰው ሲልክ ብዙዎች ተቆጡ። «ይህ የኛ ወታደሮችን መስደብ ነው» ያሉ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር በቴሌቪዥን አላየንም አሉ።

እኛ ይህን ስናይ የምናስበው አምስቱን ዓመት ነው። ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በሸዋ ተራሮች የኖሩት አርበኞች፣ እዚሁ ከተማ ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራለት ኃይለማርያም ማሞ፣ ሌሎችም ስማቸው ያልተጻፈ። ሳይሎኖች ከሰዎቹ መሀል መልምለው ፖሊስ ሲያቋቁሙ፣ ፖሊሶቹም ፊታቸውን ሸፍነው ሌሊት በር ሲያንኳኩ፣ ማንም ሳይነግረን ባንዳ መሆናቸውን እናውቃለን። ከነፃነት በኋላ የመጣው ጥያቄም የኛ ነው። ባንዳውን ምን እናድርገው? ፊልሙ ላይ 6 ሰዎች በድብቅ ፈርደው ይገድላሉ። ሮዝሊን ትደርስበትና ለሁሉም ምሕረት ታውጃለች። አንዳንድ ተመልካቾች ኒው ካፕሪካ ላይ ለሳይሎኖች እጁን የሰጠውን ፕሬዚዳንት ባልታርን አንሥተው «ለባልታር ዓይነቱ ምሕረት አይገባም» ይላሉ። እኔ ከሮዝሊን ጋር ነኝ፤ ግን የሚቃወሟትን እረዳቸዋለሁ። በኛም አገር ጣሊያን ከወጣ በኋላ አርበኛው ተረስቶ ባንዳው ተሾመ የሚል ቅሬታ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከአያት ለልጅ ልጅ ይወራል። ምሕረት ማድረግና መሾም ግን አንድ አይደሉም። ፊልሙ ይህን ልዩነት በደንብ ያየው አይመስለኝም፤ ምሕረቱን አውጆ ቶሎ ያልፋል። ያችን አንዲት ክፍል ወደ ሦስት ባሰፏት ኖሮ እላለሁ።

በማርች 2009 የተባበሩት መንግሥታት ኒው ዮርክ ላይ ኦልሞስን፣ ማክዶኔልን፣ ሙርንና አይክን ጋብዞ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ ሽብርና ስለ እርቅ አወያይቷቸዋል። ለጠፈር ፊልም ይህ ተራ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ መጨረሻው እንምጣ።

ትልቁ የአድናቂዎች ቅሬታ በእግዚአብሔር ላይ ነው። በአዲሱ ጋላክቲካ ሰዎቹ ብዙ አማልክት ያመልካሉ፤ ሳይሎኖች ግን በአንድ አምላክ ያምናሉ። በባልታር ራስ ውስጥ የምትታየው ሴት ማን ናት? ሞታ የተመለሰችው ስታርባክ ምንድን ናት? መልሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ መላእክት ናቸው፣ የአምላክ እጅ ነው። ስታርባክ ከአፖሎ ጋር እያወራች ትሰወራለች። ብዙ ፈረንጅ ተመልካች በዚህ ተናደደ። «ጸሐፊዎቹ መልስ ስላጡ እግዚአብሔር አደረገው አሉ» ይላሉ። በመግቢያው ላይ ሳይሎኖች «ዕቅድ አላቸው» ተብሎ ሲጻፍ ኖረ፤ ጸሐፊዎቹ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ዕቅድ አልነበረም። በዚህ ክስ ውስጥ እውነት አለ። ከሰዎቹ መሀል ተደብቀው የኖሩት የመጨረሻዎቹ 5 ሳይሎኖች እነማን እንደሆኑ ዘግይቶ እንደተወሰነ ያስታውቃል።

በመላእክቱ ጉዳይ ግን እዚህ ከተማ የተከፋ ተመልካች አላጋጠመኝም። ገድልና ተአምር ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ ሰምቶታል። ሴትየዋ ለባልታር የእግዚአብሔር መልአክ ነኝ ብላ ስትነግረው ፈረንጁ እብደት ነው ብሎ አለፈ። እኛ «እንግዲህ እናያለን» ብለን ጠበቅን። ስለዚህ መጨረሻው አላደናገረንም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አድናቂዎች ብዙ የማያነሡት ነው።

ሰዎቹ በመጨረሻ የሚደርሱት እኛ ምድር ላይ ነው። ከ150,000 ዓመት በፊት። የሚያርፉትም አፍሪካ ውስጥ ነው። ሣር፣ አጋዘን፣ ሰፊ ሜዳ። ከሩቅ የአገሩን ሰዎች ያያሉ። ገና መናገር አልጀመሩም ይባላል። አፖሎ ከኛ የተሻለውን እንስጣቸው ይላል፤ ቋንቋውን፣ መልካሙን፤ መሣሪያውንና መርከቡን ግን አንስጣቸው። ከዚያ መርከቦቹ ሁሉ ወደ ፀሐይ ይላካሉ። ከ40,000 ያነሱት ሰዎች በየአቅጣጫው ተበትነው በባዶ እጃቸው ሊኖሩ ይሄዳሉ። ከ150,000 ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ እንደርሳለን። ሙር ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ መጽሔት ሲያነብ ይታያል። መጽሔቱ ታንዛኒያ ውስጥ ስለ ተገኘች የሁላችን እናት ይጽፋል። እሷም ከሳይሎን እናትና ከሰው አባት የተወለደችው ሄራ ናት።

እንግዲህ ይህን ከሰሜን ሸዋ ሆናችሁ እዩት። አንኮበር ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ ቁልቁል የሚታየው ቆላ ወደ አፋር ምድር ይወስዳል። በዚያ ዝቅ ብሎ መካከለኛው አዋሽ አለ። ሄርቶ የሚባለው ስፍራ እዚያ ነው። በ1997 የ3 ሰዎች ራስ ቅል ተገኘበት፤ የ2 አዋቂና የ1 ልጅ። ዕድሜያቸው ወደ 160,000 ዓመት ይጠጋል። የኛው ብርሃኔ አስፋውና ባልደረቦቹ ውጤቱን ያወጡት በጁን 2003 ነው። ጋላክቲካ በታየበት በዚያው ዓመት፣ በ6 ወር ቀድሞ። ሙርና ባልደረቦቹ መጨረሻውን ሲጽፉ ይህ ዜና ዓለም ሁሉ የሰማው ነበር።

የልጁ ራስ ቅል ምን ይላል? 6 ወይም 7 ዓመት ቢሆነው ነው። አጥንቱ ላይ ሥጋውን ያነሡበት የድንጋይ ቢላ ምልክት አለ። ከዚያም አጥንቱ ለስልሷል፤ ብዙ ጊዜ በእጅ ሲያዝ፣ ሲዳበስ የኖረ ነው። ሞቶም አልተጣለም። የሆነ ሰው አስቀምጦታል፣ ደጋግሞም አንሥቶታል። ይናገሩ እንደሆነ አጥንት አይነግረንም። ግን ሙት ልጃቸውን እንዲህ የያዙ ሰዎች ከሰማይ መጥቶ ሰው የሚያደርጋቸው የሚጠብቁ አልነበሩም። ፊልሙ አራት ሲዝን ሙሉ አንድ ነፍስ እንኳ ሳይቆጠር እንዳይቀር ሲጠነቀቅ ኖረ። መጨረሻ ላይ የምድሩ ባለቤቶች ሲመጡ ስም የላቸውም፣ ቃል የላቸውም፣ ሰሌዳው ላይም አልተጻፉም። ከሩቅ በመነጽር ታዩ፣ በቃ። ይህ ነው የሚያስቆጨኝ። ክፋት አስበው አይመስለኝም። የኛን ምድር የታሪኩ መነሻ ማድረጋቸው ራሱ ክብር ሊሆን ይችል ነበር። ግን ሰዎቹን ባዶ አድርገው ሣሉ፤ እንዲሞሉ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ መርከቦቹ ነው። ብዙ አድናቂ ይህን ውሳኔ አይቀበልም። «ማን አብዶ መድኃኒቱን ፀሐይ ውስጥ ይጥላል?» ይላሉ። የሚደግፉትም አሉ። ለዓመታት ብረት ውስጥ የኖረ ሰው አፈር ሲረግጥ ብረቱን ዳግመኛ ማየት አይፈልግም፤ ደግሞም ያጠፋቸው የራሳቸው ፈጠራ ነው ይላሉ። ይህን እረዳለሁ። ድካሙ እውነት ነው። ግን ይህን ውሳኔ ቆንጆ አድርጎ የሚያየው ከሞፈር ርቆ የሚኖር ሰው ነው። መንዝ ውስጥ ገብሱን ውርጭ ከመታበት ገበሬ ጋር ተቀምጣችሁ ንገሩት። ሐኪም ነበራቸው፣ መድኃኒት ነበራቸው፣ ሁሉንም ትተው በባዶ እጃቸው ሊያርሱ ሄዱ በሉት። ለምን ብሎ ይጠይቃችኋል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ ያየ ሰውም ይጠይቃችኋል። ከዚያ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ስትወልድ፣ ወባ ሲገባ ምን ሆኑ? ፊልሙ ያን አያሳየንም። እስከዚያ ክፍል ድረስ እያንዳንዱን ሞት ቆጥሮ ነበር። መርከቦቹ ሲሄዱ ቆጠራውም አብሮ ተቋረጠ።

ይህን ስል ፊልሙን አልጠላውም። እንዲያውም በጣም ስለምወደው ነው የምሟገተው። አዳማ ሮዝሊንን በትንሽ አውሮፕላን አሳፍሮ አገሩን ሲያሳያት፣ እሷም እያየች ስታርፍ፣ ደረቅ ዓይን የነበረው ሰው አላውቅም። ሁለቱ በጥሩ ሁኔታ ተሸኝተዋል። ሕዝቡ ነው ያልተሸኘው።

ስለ ቀጣዩ የሚጠይቁኝ አሉ። በ2019 ሳም ኢስሜል በሚባል ሰው እጅ ፒኮክ ለተባለው አገልግሎት ሌላ ጋላክቲካ ሊሠራ ነው ተብሎ ነበር። በ2024 ፒኮክ ተወው። ወደፊት ማንም ይሥራው ማን፣ እኔ የምጠብቀው ነገር አንድ ነው። ምድር ላይ ሲደርሱ የሚቀበላቸው ሰው ይኑር። ስም ያለው፣ ቋንቋ ያለው፣ «እናንተ ደግሞ ማን ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ። ያኔ ሮዝሊን ሰሌዳዋን እንዴት እንደምትጽፍ ማየት እፈልጋለሁ።

ከመቀመጤ በፊት፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ወንድማችን ቅድም በጽሑፍ የላከውን ጥያቄ ልመልስ። «ከየቱ ልጀምር?» ይላል። የ2003ቱን መነሻ ፊልም ሳታይ ሲዝን 1 አትጀምር። በፍላሽ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የለበትም፤ ብዙ ሰው «አልገባኝም» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። ሬዘር የሚባለውን የ2007 ፊልም ሲዝን 2 ከጨረስክ በኋላ እየው፤ ፔጋሰስ የተባለችው መርከብና አዛዧ ኬን ይበልጥ ይገቡሃል። የድሮውን ፊልም ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውን ክፍል እይ፤ ሃችን በወጣትነቱ ካላየኸው ዛሬክ ሲመጣ ግማሹ ያመልጥሃል። ዘ ፕላን የሚባለውን ፊልም ግን አራቱን ሲዝን ሳትጨርስ እንዳትከፍተው።